ሚስማሩን ማን ነክሮ አየው?

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሻግሮ ወደዚህ ግቢ የገባ የሳይንስ ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው አንድ ዝርዝር አለ። ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየም፣ ዚንክ፣ ብረት፣ ቲን፣ እርሳስ፤ ከዚያ ሃይድሮጅን በእንግድነት ጣልቃ ይገባል፤ ከዚያ መዳብ፣ ብር፣ ወርቅ። ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት እንኳ ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ከጨዉ ያስለቅቃል፤ ከታች ያለው ከላይ ያለውን አያስለቅቅም። ይህን የያዘ ተማሪ ከአራቱ አማራጮች ትክክለኛውን አጥቁሮ ፈተናውን ያልፋል። እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ከመካከላችን አንድ ተራ የብረት ሚስማር በሰማያዊ የኮፐር ሰልፌት ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ሚስማሩ ቀይ ሲለብስ በዓይኑ ያየ ስንት ነው? ይህን ጥያቄ በክፍሌ ላሉት ጓደኞቼ አቅርቤላቸው ነበር። የተነሡትን እጆች ለመቁጠር የአንድ እጄ ጣቶች በቅተውኛል።

ሐሳቤ አጭር ነው። የሜታሎች ተርታ በቃል ቢያዝ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን መያዝ ያለበት ከሙከራው በኋላ ነው። እኛ ከሙከራው በፊት ያዝነው፤ ሙከራው ደግሞ ጭራሹን ሳይመጣ ቀረ። በዚህም የተነሣ ተማሪ በገዛ እጁ የተፈጥሮን ሕግ ሊያገኝበት የሚችለውን፣ ከሁሉም በላይ ርካሽ የሆነውን የኬሚስትሪ ምዕራፍ አጥተናል።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። በአማርኛችን “ብረት” የሚለው ቃል ሁለት ሸክም ተሸክሟል፤ ሚስማሩም ብረት ነው፣ ከአሉሚኒየም የተሠራውም ድስት “ብረት ድስት” ነው። ግራ እንዳንጋባ ጠቅላላውን ወገን “ሜታል”፣ ሚስማር የሚሠራበትን ብቻ “ብረት” እለዋለሁ። በእንግሊዝኛው መጽሐፋችን “ዲስፕሌስመንት” የሚባለውንም “ማስለቀቅ” ብዬዋለሁ፤ የበረታው መጥቶ ደካማውን ተከራይ ከቤቱ እንደሚያስወጣው ያለ ነገር ነውና። “ጨው” ስልም ሜታል ከአሲድ ጋር ተዋሕዶ የሚሰጠውን ሁሉ ማለቴ ነው፤ የወጡን ጨው ለብቻው ስሙን ጠርቼ አነሣዋለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የኮፐር ሰልፌት ድቃቂ ይሟሟል። ውሃው ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። ሚስማሩ ዘይቱና ዝገቱ እንዲለቅ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በአሸዋ ተፈትጎ ይነከራል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲወጣ የተነከረው ክፍል ቀይ ቡናማ ካባ ለብሷል፤ በጣት ቢነኩት ይለቅቃል። ለአንድ ቀን ቢተዉት ካባው እየወፈረ ይሄዳል፣ ከብርጭቆው ሥር ቀይ ዝቃጭ ይጠራቀማል፣ ሰማያዊው ውሃም እየደበዘዘ ወደ ነጣ ያለ አረንጓዴ ይለወጣል። እዚህ ላይ ጥሩ አስተማሪ ዝም ቢል ይበቃዋል። ጥያቄውን ተማሪው ራሱ ያመጣዋል። ቀዩ ከየት መጣ? ሰማያዊው የት ገባ? አረንጓዴውስ የማን ነው? ሚስማሩ ተበላ ወይስ ተለበሰ?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሰዎችን ለብዙ መቶ ዓመታት ያሳሳተ ጥያቄ ነው። በቻይና በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከመዳብ ማዕድን አጠገብ በሚፈልቅ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ብረት እየነከሩ መዳብ በብዛት ያወጡ ነበር። በአውሮፓም እንዲህ ያለውን ምንጭ ያዩ ብዙ ሰዎች ብረቱ ራሱ ወደ መዳብ የተለወጠ መስሏቸው፣ “እነሆ፣ አንዱ ሜታል ሌላ ይሆናል፤ እርሳስንም ወርቅ ማድረግ ይቻላል” ብለው ተስፋ አድርገዋል። ሚዛን ያለው ተማሪ ግን ነገሩን ይደርስበታል። 56 ግራም ብረት ወደ ውሃው ሲገባ 63.5 ግራም ገደማ መዳብ ከውሃው ይወጣል። ብረቱ አልተለወጠም፤ ተለዋወጠ። ወደ ውሃው የገባው ብረት አረንጓዴውን ሰጠ፤ ሰማያዊውን ይሰጥ የነበረው መዳብ ሚስማሩ ላይ ተቀመጠ።

ቀጥሎ የመዳብ ሽቦ በብረት ሰልፌት ውሃ ውስጥ ይነከር። ምንም አይሆንም። ይህ “ምንም አልሆነም” የሚለው ውጤት በእኛ ትምህርት ቤቶች እንደ ውድቀት የሚቆጠር ነው፤ በሳይንስ ግን ከቀዩ ካባ እኩል ዋጋ አለው። ከዚያ ዚንክ በሁለቱም ጨዎች ይሞከር፤ ሁለቱም በዚንክ ሰልፌት ውስጥ ይሞከሩ። ሦስት ሜታልና ሦስት ጨው ካለን፣ እያንዳንዱን ከራሱ ጨው ጋር ማገናኘቱን ትተን፣ ስድስት ሙከራ ይኖረናል። ሦስቱ “ይሆናል”፣ ሦስቱ “አይሆንም” ይላሉ። ከዚህ በኋላ ዚንክ፣ ብረት፣ መዳብ ብሎ ማን ከማን እንደሚበልጥ ለመጻፍ መጽሐፍ አያስፈልግም። ተማሪው ተርታውን አገኘው እንጂ አልተቀበለውም። የቀሩትን ዐሥር ስሞች ከመጽሐፍ ቢቀበል እንኳ ምን እንደ ተቀበለ ያውቃል።

እኛ ግን ነገሩን ከጭራው ይዘን ተማርነው። እኔ የተማርኩበትን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስም አልጠራም፤ እንደ እሱ ያሉት ብዙ ስለ ሆኑ አንዱን ብቻ መጥራት ማዳላት ይሆናል። በበሩ ላይ “ላቦራቶሪ” የሚል ጽሑፍ ያለበት ክፍል ነበረው። በመስኮቱ ስናጮልቅ አቧራ የለበሱ ጠርሙሶች ይታዩን ነበር። ቁልፉ በንብረት ክፍል ኃላፊው እጅ ነበር፤ እሳቸውም አንድ ጠርሙስ ቢሰበር ከደመወዜ ይቆረጣል ብለው ይፈሩ ነበር። መምህሩም ለመለመን ሰለቹ። አንዱ ላይጠይቅ፣ ሌላው ላይከፍት ሳይነጋገሩ ተስማሙ። በዓመቱ መጨረሻ ንብረቱ ሲቆጠር አንድም ሳይጎድል ይገኝ ነበር፤ አለመጉደሉም እንደ መልካም ሥራ ይመሰገን ነበር። እኔ ሰዎቹን አልከስም። ጠርሙስ የሰበረ ሲጠየቅ፣ ጠርሙሱን ዐሥር ዓመት ያለ ሥራ ያቆየ የማይጠየቅበት ሥርዓት ካለ ማንም እንደዚያው ያደርጋል። እኔ ራሴ ሚስማር ሲቀላ ያየሁት እዚህ ከገባሁ በኋላ፣ በመኝታ ቤታችን መስኮት ደፍ ላይ ነው። እንዴት እንደ ሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን የመሸምደድ ልማድ ከቄስ ትምህርት ቤት የወረስነው ነው ይላሉ። ክሱን በበኩሌ አልቀበለውም። ፊደልና ዳዊት በቃል መባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ይዞ ቢቀርብ አይቆጠርለትም፤ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ማቅረብ፣ መታረም፣ ሲያስፈልግም መታፈር አለበት። በቃል የያዘው ሁሉ ለዚህ ስንቅ ነው። እኛ ዘመናዊ ነን ባዮች ከዚያ ሥርዓት የወሰድነው መግቢያውን ብቻ ነው፤ ቅኔ ቤቱን ከውጭ ቆልፈን “ላቦራቶሪ” የሚል ጽሑፍ ለጠፍንበት።

በቃል የተያዘ ዝርዝር አንድ ሌላ ጉዳት አለው፤ ከደብረ ሲና ተራራ የወረደ ትእዛዝ ይመስላል። እስቲ አሉሚኒየምን እንመልከት። በተርታው ከዚንክም ከብረትም በላይ ነው፤ ስለዚህ መዳብን በቀላሉ ማስለቀቅ ነበረበት። አንድ ቁራጭ የአሉሚኒየም ፎይል በኮፐር ሰልፌት ውሃ ውስጥ ብንነክር ግን ለረጅም ጊዜ የረባ ነገር አይታይም። የሸመደደው ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ “ወዲያው ያስለቅቃል” ብሎ ጽፎ ሙሉ ማርክ አግኝቷል፤ ብርጭቆው ግን ዝም ብሏል። ማን ይታመን? አሁን በዚያው ብርጭቆ ውስጥ አንድ ቁንጥር የወጥ ጨው ጨምሩበት። ውሃው ይሞቃል፣ አረፋ ያወጣል፣ ቀዩ መዳብ ይዘረገፋል፣ ፎይሉ እየተበላ ይበጣጠሳል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አሉሚኒየም አየር እንዳገኘው ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር መቶ ሺህኛ በታች የሆነ የኦክሳይድ ቆዳ ይለብሳል። ቆዳው በጣም ቀጭን ቢሆንም ጠንካራ ስለ ሆነ ከሥሩ ያለው ሜታል ከውሃው ጋር አይገናኝም። በወጡ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ያንን ቆዳ ይሰብረዋል፤ ያን ጊዜ የአሉሚኒየም እውነተኛ ጠባይ ይገለጣል።

ይህ ባይሆን ኖሮ ሽሮ የሚፈላበት ብረት ድስት ሁሉ ከነውሃው ባለቀ ነበር። በየቤቱ ምድጃ ላይ በየቀኑ ተርታውን የሚቃወም ምስክር ተጥዶ እያለ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክንጨርስ አንድም ሰው “ለምን?” ብሎ ሳይጠይቀን አለፍን። እኛም አልጠየቅንም።

ሌላም አለ። አንዱ መጽሐፍ ካልሲየምን ከሶዲየም በላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው ሶዲየምን ከካልሲየም በላይ ያደርጋል። ሁለቱንም ያየ ተማሪ አንዱ የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው ብሎ ያልፋል። ስሕተት አይደለም፤ የተለካው ነገር ተለያይቶ ነው። በውሃ ውስጥ ኤሌክትሮን የመስጠት ዝንባሌያቸው በቮልት ሲለካ ካልሲየም ነጌቲቭ 2.87፣ ሶዲየም ነጌቲቭ 2.71 ነው፤ በዚህ ሚዛን ካልሲየም ይበልጣል። ውሃ ላይ ሲጣሉ ግን ሶዲየም ይበልጥ ይቆጣል። ሊቲየም ነጌቲቭ 3.04 ስለ ሆነ በቮልት ሚዛን ፖታሲየምን እንኳ ይበልጣል፤ ነገር ግን ፖታሲየም ውሃ ሲነካ እሳት ሲፈጥር፣ ሊቲየም በዝግታ አረፋ እያወጣ ይንሳፈፋል። “ማን ይበረታል?” ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ መልሱ “በምኑ?” የሚል ሌላ ጥያቄ ነው። ጉልበትና ፍጥነት አንድ አይደሉም።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ደግሞ የፖታሲየም አመራረት ነው። ፖታሲየም በተርታው አናት ላይ ተቀምጧል፤ ሶዲየም ከሥሩ ነው። በፋብሪካ ግን የቀለጠ ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ የሶዲየም ተን በ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እየገባ ፖታሲየምን ያስለቅቀዋል! የታችኛው የላይኛውን ማለት ነው። ምሥጢሩ በማፍያ ነጥብ ላይ ነው። ፖታሲየም በ759 ዲግሪ ሲተን ሶዲየም 883 ዲግሪ ይፈልጋል። ጥቂት የተለቀቀ ፖታሲየም ሁሉ ተን ሆኖ ስለሚወጣ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሶዲየሙን የሚያስወጣበት ጊዜ አያገኝም፤ እንዲህ እየተባለ ጥቂት በጥቂት ሁሉም ይወጣል። የሸመደደ ሰው ይህን ሲሰማ ይናደዳል፤ የገባው ሰው ግን ይደሰታል። አንድ ሰው ኬሚስትሪ ተምሯል ወይስ አልተማረም ለማለት ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም።

ይህ ሁሉ የፋብሪካ ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል ቢኖር ጣሪያውን ቀና ብሎ ይመልከት። በአማርኛ ቲንንም የቤት ክዳኑንም “ቆርቆሮ” ስለምንል ብዙ ሰው ክዳኑ ከቲን የተሠራ ይመስለዋል። ክዳኑ የቀለጠ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ዚንክ ከብረት በላይ ስለ ሆነ፣ ቅቡ ቢጫር እንኳ መጀመሪያ የሚበላው ዚንኩ ነው፤ ብረቱ ዚንኩ አጠገቡ እስካለ ድረስ ይተርፋል። የቲማቲም ድልህ የሚመጣበት ጣሳ ግን በእርግጥም በቲን የተለበጠ ብረት ነው። ቲን ከብረት በታች ስለ ሆነ፣ ጣሳው ከተጫረ በኋላ የሚበላው ብረቱ ነው፤ እንዲያውም ቲኑ ባይኖር ኖሮ ከሚዝገው ፈጥኖ ይዝጋል። ግቢ ውስጥ የተጣለ ጣሳና ከጎኑ ያለው የአጥር ቆርቆሮ ሁለት ክረምት ካሳለፉ በኋላ ቢታዩ ተርታው እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ባትሪ ድንጋይ ሲያረጅ ለምን ውሃ እንደሚያወጣም ከዚህ ይታወቃል፤ የርካሹ ድንጋይ ቆርቆሮ መሳይ ሽፋን ራሱ ዚንክ ስለ ሆነ፣ ኤሌክትሪክ በሰጠ ቁጥር እየተበላ ይሳሳል። ቮልታ በ1800 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያቆመው የዚንክና የብር ሳንቲሞች ቁልል፣ ዳንኤል በ1836 በዚንክና በመዳብ የሠራው 1.1 ቮልት ባትሪ፣ ሁለቱም ያው የሚስማሩ ነገር ናቸው። ልዩነቱ ሜታሎቹ ፊት ለፊት ከመያያዝ ይልቅ ኤሌክትሮኑን በሽቦ እንዲላላኩ መደረጋቸው ነው።

የሰው ልጅ ሜታል የማወቅ ታሪክም ተርታውን ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ወርቅ ማንንም ስለማያስለቅቅ ከማንም ጋር አይጣበቅም፤ ስለዚህ በአዶላ አሸዋ ውስጥ ወርቅ ሆኖ ይገኛል። ፖታሲየምን በወንዝ አሸዋ ውስጥ ያገኘ ሰው የለም፣ አይኖርምም። ብረት መካከል ላይ ነው፤ ከቀይ አፈሩ የሚወጣው ከሰል ኦክስጅኑን ሲወስድለት ነው። በደቡብ ኦሞ የዲሜ ሰዎች ይህን ሥራ ያውቁት ነበር፤ ማዕድኑን በሸክላ ምድጃ ከከሰል ጋር እያቀለጡ፣ ወናፍ እየነፉ ብረት ያወጡ ነበር። በአገራችን ብዙ ቦታ ይህን ጥበብ የያዘውን ሰው “ቀጥቃጭ” እያልን ስንሸሸው ኖርን፤ ዛሬ ልጆቻችን ካርቦን የብረትን ኦክሳይድ ይቀንሳል የሚለውን ዓረፍተ ነገር በባዕድ ቋንቋ ይሸመድዳሉ። ከዚያ በላይ ያሉት ሜታሎች ሌላ ጉልበት ፈለጉ። ዴቪ ሶዲየምንና ፖታሲየምን በ1807 ያገኘው በቮልታ ባትሪ ኤሌክትሪክ ነው። ቮለር በ1827 አሉሚኒየምን ያወጣው ያንኑ ፖታሲየም ከአሉሚኒየም ክሎራይድ ጋር አገናኝቶ በማስለቀቅ ነው። በ1886 ሆልና ኤሩ በየፊናቸው የኤሌክትሪኩን ዘዴ እስኪያገኙ ድረስ አሉሚኒየም በጣም ውድ ሜታል ነበር። እንግዲህ ብረት ድስታችን ከወርቅ ጌጥ ይልቅ ብዙ ዕውቀት የጠየቀ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው “በጀት የለም” የሚል ነው። ሰባ ተማሪ ያለበትን ክፍል በሰባት በሰባት ብንከፍለው ዐሥር ቡድን ይሆናል። ዐሥር ሚስማር፣ ዐሥር አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ለእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮፐር ሰልፌት፣ በድምሩ 50 ግራም ገደማ። ዚንኩ ከተጣለ ባትሪ ድንጋይ፣ መዳቡ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይገኛል። ይህን የሚከለክል በጀት አላውቅም።

ሁለተኛው “በስልክ ላይ በቪዲዮ ማየት ይቻላል” የሚል ነው። ሶዲየምና ፖታሲየም ውሃ ላይ ሲጣሉ በቪዲዮ ብቻ ቢታይ እኔም እስማማለሁ፤ ዓይን የሚያጠፋ ነገር ነውና። ሚስማርን በቪዲዮ ማየት ግን የሌላ ሰው እራት እንደ ማየት ነው። በቪዲዮ ላይ ሚስማሩ ሁልጊዜ ይቀላል። በእጅ ሲሠራ አንዳንዴ አይቀላም፤ ዘይቱ አልለቀቀም፣ ወይም ሚስማሩ ዚንክ የተቀባ ነበር፣ ወይም ውሃው ሳስቶ ነበር። ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ፈተናው ነው። መምህሩ ምዕራፉን በሁለት ክፍለ ጊዜ ጨርሶ ወደሚቀጥለው መሮጥ አለበት፤ ፈተናውም ሚስማሩን ያየውንና ያላየውን አይለይም። ይህን መምህሩ ብቻውን ሊያሸንፈው አይችልም። ነገር ግን ፈተና የሚያወጡ ሰዎች ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ሩቅ አይደሉም፤ ብዙዎቹም ይህን ጋዜጣ ቢያነቡ አይጎዱም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀየር። “አሉሚኒየም በኮፐር ሰልፌት ውሃ ውስጥ ተነክሮ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታየም፤ የወጥ ጨው ሲጨመር ግን ፈላ፤ ከሚከተሉት ምክንያቱን የሚገልጸው የትኛው ነው?” ተብሎ ይጠየቅ። አማራጩም አራት ይሁን፣ ማጥቆሩም አይቅር። እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ ዓመት ከመጣ በሚቀጥለው ዓመት በየትምህርት ቤቱ ፎይል መነከሩ አይቀርም።

ስለ ሌሎች ይህን ያህል ካልኩ ስለ እኛም ልናገር። በዚህ ግቢ ውስጥ ላቦራቶሪው ክፍት ነው፤ ቁልፍ የያዘ የለም። ታዲያ ምን እናደርጋለን? ካለፈው ዓመት ተማሪዎች የተወረሰ ሪፖርት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የዳንኤል ባትሪ ስንሠራ መለኪያችን 0.97 ቮልት ያሳያል፤ ሪፖርታችን ላይ ግን 1.10 ሆኖ ይገኛል። መለኪያው ትክክል ነበር፤ ሽቦው ዝጎ ወይም ዚንኩ ሳይፈተግ ቀርቶ ነበር፤ ለምን እንደ ጎደለ መጻፍ ከሙሉው ቁጥር የበለጠ ማርክ ሊያሰጥ ይገባ ነበር። መምህሮቻችንን በአክብሮት የምለምነው ይህን ነው፤ መጽሐፉን የሚመስለውን ሳይሆን መለኪያውን የሚመስለውን ሪፖርት አልቁልን። ከእኛ ብዙዎቻችን ነገ ተመርቀን የምንመደበው መምህር ሆነን ነው። የተቀዳ ሪፖርት የለመደ ሰው የተቆለፈ ላቦራቶሪ ሲያገኝ ቁልፉን የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ብዙዎቻችን በየወረዳችን የማጠናከሪያ ትምህርት እናስተምራለን። እስከ አሁን የምንወስደው የጥያቄና መልስ ወረቀት ነው። ዘንድሮ ማኅበሩ ግማሽ ኪሎ ኮፐር ሰልፌትና አንድ ፓኮ ሚስማር ገዝቶ በ50 በ50 ግራም አስቋጥሮ ይስጠን፤ ለዐሥር ክፍል ይበቃል። ፎይሉን እያንዳንዳችን እናዋጣለን። የአሉሚኒየሙ ሙከራ ስለሚሞቅና ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቆ፣ በትንሽ ፎይል ይሠራ።

ኮፐር ሰልፌት ያልደረሰው ሰው እኔ በመስኮት ደፍ ላይ ያደረግሁትን ያድርግ። ያረጀና የጠቆረ የመዳብ ሽቦ ልጦ፣ ቆራርጦ በግማሽ ብርጭቆ አቼቶ ውስጥ ይጨምር፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የወጥ ጨው ያክልበት፤ አፉን ሳይከድን ሁለት ቀን ያሳድረው። ውሃው ቀለል ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ሲሆን ሽቦውን አውጥቶ የተፈተገ ሚስማር ይንከር። እንደ ኮፐር ሰልፌቱ ፈጣን አይደለም፤ ጠዋት ሲነሡ ግን ሚስማሩ ቀልቶ ይገኛል። ብርጭቆው ከዚያ በኋላ ለመጠጥ እንዳይሆን ምልክት ይደረግበት፤ የእኔ የክፍል ጓደኛ ሻይ ሊቀዳበት ሲል ደርሼበታለሁ።

የተረፈውን ሰማያዊ ውሃ ወንዝ ወይም ጉድጓድ ውስጥ አትድፉት፤ የመዳብ ጨው ለዓሣ መርዝ ነው። አሮጌ ሚስማሮች ጨምሩበትና ሰማያዊው እስኪጠፋ ይቆይ። ከሥር የቀረውን ቀይ ዱቄት በጨርቅ አጥልላችሁ አድርቁት፤ በወረቀት ጠቅልላችሁም ለሚቀጥለው ክፍል ማሳያ አስቀምጡት።